የተሰናባቹ ወንበር

በደቡብ አሜሪካ ተራሮች መካከል፣ ከስፔን ንጉሥ እጅ ከወጣች ጥቂት ዓመት በሆናት ትንሽ ሪፐብሊክ፣ የመጀመሪያው ርእሰ ብሔር ዶን ኤቫሪስቶ ሥልጣኑን በሚለቅበት ቀን ረፋዱ ላይ፤ አበልጁና የጦር አዛዡ ኮሎኔል ኒካኖር በቤተ መንግሥቱ የጓሮ ክፍል በር ላይ ቆሞ አላሳልፍ ብሎታል።

ኒካኖር፦ አይወጡም! እግርዎ ላይ ውደቅ ካሉኝ እወድቃለሁ፤ ዛሬ ግን ወደዚያ አደባባይ አይወጡም።

ኤቫሪስቶ፦ ተው እንጂ ኒካኖር፣ ከቁርስ ጀምረህ ይችኑ ነው የምትለው። ጉሮሮህም አይደርቅ? ይልቅ ና፣ ይህን መቀነት ከኋላ አስተካክልልኝ። የሥልጣን መቀነት ለመጨረሻ ቀኑ እንኳ ቀጥ ብሎ ይታይ።

ኒካኖር፦ መቀነቱ ቀጥ ብሏል። አልቀና ያሉት እርስዎ ነዎት።

ኤቫሪስቶ፦ ሃ! ይህችን ምክር ቤቱ ውስጥ ጣል ብታደርጋት ኖሮ ጭብጨባው እስከ ገበያው ይሰማ ነበር።

ኒካኖር፦ እኔ ከአንጀቴ ነው የማወራው፣ ክቡርነትዎ ይቀልዳሉ። ውጭ ያለውን ሕዝብ አይተውታል?

ኤቫሪስቶ፦ ማየት አያስፈልገኝም፣ ጫጫታው እዚህ ጓሮ ድረስ ይመጣል። ይጩኹ እንጂ! የጠራኋቸው እኔ አይደለሁ? ሕጉንስ ያወጣሁት እኔ አይደለሁ?

ኒካኖር፦ ሕጉን ያወጡ ለት ትኩሳት ነበረብዎት።

ኤቫሪስቶ፦ ደስታ ነው የነበረብኝ! ስፔኖች በሄዱ ሰሞን እኮ ነው። አንተ ራስህ አጠገቤ ተቀምጠህ ቀለም ታቀብለኝ ነበር።

ኒካኖር፦ ምነው በደፋሁት!

ኤቫሪስቶ፦ ምኑ ነው የከበደህ? የስፔን ንጉሥ እንኳ ገዢውን ሲሽር ወዲያው መርከብ ላይ አያወጣውም ነበር። እዚሁ ከተማ ያስቀምጠዋል፤ የተበደለ ሁሉ መጥቶ ይከሰዋል። አያቴ አንዱን ገዢ ስለ ወሰደባቸው ሁለት በቅሎ ሲከሱት በዓይኔ አይቻለሁ።

ኒካኖር፦ በቅሎዎቹ ተመለሱ?

ኤቫሪስቶ፦ አልተመለሱም።

ኒካኖር፦ እንዴት ይመለሱ! አንደኛዋን ዳኛው ወስዷት።

ኤቫሪስቶ፦ ለዚህ አይደል ታዲያ እኔ ሕጉን ያጠበቅሁት? ዳኛ መግዛት እንዳይቻል ዳኛውን ሕዝብ አደረግሁት። ሥልጣን የለቀቀ ሰው ያለ መሣሪያ፣ ያለ ዘበኛ፣ ካቴድራሉ ደጃፍ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የመጣውን ክስ ሁሉ በራሱ አፍ ይመልሳል። ክሱ ሳያልቅ ከከተማው ንቅንቅ አይልም። ነጻ ከወጣ ግን ወዳሻው ይሄዳል። እኔ ወደ ወፍጮዬ።

ኒካኖር፦ ወፍጮ! አገር የመራ ሰው ዱቄት ለብሶ ሊውል!

ኤቫሪስቶ፦ ዱቄት ምን አለበት? ይታጠባል።

ኒካኖር፦ እሺ፣ ወፍጮውን ከወደዱት ወደ ወፍጮው ይሂዱ። አሁን፣ በኋላ በር። በቅሎ ጭኛለሁ። ልጅዎን ካሲልዳንና እናቷን ማታ እኔ ራሴ አደርስልዎታለሁ።

ኤቫሪስቶ፦ እንደ ሌባ በኋላ በር?

ኒካኖር፦ በሕይወት እንዳለ ሰው በኋላ በር!

ኤቫሪስቶ፦ አልሄድም። ሌላ ሐሳብ ካለህ አምጣ፣ ይህ አልጣመኝም።

ኒካኖር፦ አለኝ። አንድ ዓመት ይጨምሩ። አንድ ዓመት ብቻ። ድንበር ላይ ስጋት አለ ብለው ያውጁ፤ ስጋት ባለበት ጊዜ ሥልጣን አይለቀቅም ይላል የእርስዎው ሕግ።

ኤቫሪስቶ፦ ድንበር ላይ ምን ስጋት አለ?

ኒካኖር፦ እስከ ማታ እፈጥርልዎታለሁ።

ኤቫሪስቶ፦ አየህ፣ አንተን የምወድህ ለዚህ ነው። ስትዋሽ እንኳ አታፍርም።

ኒካኖር፦ ቀልዴን አይደለም። ጥቂት ፈረሰኞች ልብስ ቀይረው ወንዙን ይሻገሩ። አንድ ሁለት ጎጆ ያቃጥላሉ፣ ይመለሳሉ። ሕዝቡ ራሱ መጥቶ 'አይውረዱብን' እያለ እግርዎን ይስማል።

ኤቫሪስቶ፦ የማንን ጎጆ?

ኒካኖር፦ እ?

ኤቫሪስቶ፦ የሚቃጠለው ጎጆ የማን ነው?

ኒካኖር፦ የማንም! ጎጆ ነው እንግዲህ፣ ሣር ነው፣ መልሶ ይሠራል።

ኤቫሪስቶ፦ ስፔኖች እንዲህ ሲያደርጉን አልነበር እንዴ ጫካ የገባነው?

ኒካኖር፦ ጫካ የገባነው ልንኖር ነው፤ ተርፈን መጥተን ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ልንሞት አይደለም።

ኤቫሪስቶ፦ እስቲ ዙሪያችንን ተመልከት። ከእኛ ጋር ነጻ የወጡት ጎረቤቶቻችን ስንት መሪ አዩ? አንዱን ገደሉት። አንዱ በመርከብ ሸሸ። ያኛው ደግሞ እስክሞት አልወርድም ብሎ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ተቀምጧል። በገዛ እግሩ ከቤተ መንግሥት የወጣ አንድ ሰው የለም። አንድም! የሆነ ሰው መጀመር አለበት፤ ያ ሰው እኔ ልሁን ብዬ ነው። ሐውልት አልፈልግ፣ በስሜ መንገድ አልፈልግ፤ ይህችን ብቻ ነው የምፈልገው።

ኒካኖር፦ መውጣቱንስ በእግርዎ ይወጣሉ። መመለሱ ነው እንጂ።

ኤቫሪስቶ፦ እያስፈራራኸኝ ነው?

ኒካኖር፦ እኔ? በስመ አብ! እየፈራሁልዎት እንጂ። ጥቁር የለበሱትን ሴቶች ቢያዩ እንዲህ አይሉም ነበር።

ኤቫሪስቶ፦ የትኞቹን?

ኒካኖር፦ ያውቋቸዋል።

ኤቫሪስቶ፦ ቆዳ ማልፊያው ግቢ የተረሸኑት ልጆች እናቶች?

ኒካኖር፦ ካቴድራሉ ደረጃ ላይ ነው ያደሩት። ሌላው ሰው የመጣው ስለ ግብርና ስለ ተወሰደበት በቅሎ ሊጮህ ነው፤ ይጮሃል፣ ይወጣለታል፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ ቤቱ ይገባል። እነዚያ ግን አይጮሁም። ጥቁራቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ዝም ያለ ሰው አልወድም እኔ።

ኤቫሪስቶ፦ እኔም እፈራቸዋለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ከማንም በላይ የምፈራው እነሱን ነው። ቅዳሴ ላይ እንኳ ዓይኔን አሸሻለሁ።

ኒካኖር፦ ታዲያ ለምን ይሄዳሉ?

ኤቫሪስቶ፦ ስለምፈራቸዋ።

ኒካኖር፦ ይሁን። 'ልጆቻችን እጃቸውን ሰጥተው ሳለ ለምን ተረሸኑ' ቢሉዎት ምን ይላሉ?

ኤቫሪስቶ፦ እኔ አላዘዝኩም እላለሁ። እውነት ነዋ! ለንጉሡ ቢዋጉም የእኛው ሰፈር ልጆች ነበሩ። 'እጃችሁን ስጡ፣ ማንም አይነካችሁም' ብዬ የማልኩላቸው እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ።

ኒካኖር፦ 'ታዲያ ማን አዘዘ' ሲሉዎትስ?

ኤቫሪስቶ፦ እሱን እንግዲህ...

ኒካኖር፦ ይጠይቃሉ እኮ። እናት ይህን ሳትጠይቅ አትነሳም። እስቲ እኔ እናትየዋ ነኝ እንበል። ይመልሱልኝ። ማን አዘዘ?

ኤቫሪስቶ፦ ተው ኒካኖር።

ኒካኖር፦ ስሜን ይጠራሉ ወይ ነው የምልዎት።

ኤቫሪስቶ፦ ስማኝ። ከጠዋት ጀምሮ ልነግርህ ፈልጌ አፌ እየተያዘ ነው። ወንበሩ ሁለት ነው። ሌላ ወንበር ከጎኔ እንዲያስቀምጡ አዝዣለሁ።

ኒካኖር፦ ለማን?

ኤቫሪስቶ፦ ለአንተ። ጎን ለጎን እንቀመጣለን። የሆነውን እንዳለ ትነግራቸዋለህ። ጠላት ከኋላችን ነበር፣ የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረህም፣ የምናበላቸው ዳቦ አልነበረንም፣ ፈራህ።

ኒካኖር፦ አልፈራሁም!

ኤቫሪስቶ፦ ሁላችንም ፈርተን ነበር።

ኒካኖር፦ እኔ አልፈራሁም አልኩዎት! ምን ላድርጋቸው? ኪሴ ውስጥ ከትቻቸው ልሂድ? ወይስ ልልቀቃቸውና በማግሥቱ ጠመንጃ አንስተው መንገድ ላይ ይጠብቁን? እርስዎ ቃልዎን ሰጥተው ፈረስዎን ኮርኩረው ወደፊት አለፉ። ቃሉን ታቅፌ የቀረሁት እኔ ነኝ! በዚያ ቆዳ ማልፊያ ግቢ፣ ግማቱ እስካሁን ከልብሴ አልወጣም፣ ቃልዎንና እነዚያን ልጆች ታቅፌ የቀረሁት እኔ!

ኤቫሪስቶ፦ መልእክተኛ ልትልክብኝ ትችል ነበር።

ኒካኖር፦ ብልክ ምን ይሉ ነበር?

ኤቫሪስቶ፦ ልቀቃቸው።

ኒካኖር፦ ለዚህ ነው ያልላክሁት።

ኤቫሪስቶ፦ ይህንኑ ንገራቸው ታዲያ! እንደዚህ አድርገህ፣ ምንም ሳትጨምር። ይሰድቡሃል፣ ይተፉብሃል፣ ምናልባትም ይፈርዱብሃል። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ ይወስድሃል። አሁን እንደማትተኛ ዓይንህ ይናገራል።

ኒካኖር፦ እርስዎስ ነገሩን የሰሙ ለት ምን አደረጉኝ? አሰሩኝ? በማግሥቱ አይደል እንዴ ኮሎኔል ያሉኝ?

ኤቫሪስቶ፦ ነው። ያለ አንተ ጦርነቱ አይገፋም ነበርና አፌን ዘጋሁ። ይህንንም ወንበሩ ላይ እናገራለሁ።

ኒካኖር፦ እርስዎማ ይናገራሉ! ለእርስዎ ያምርብዎታል። 'አይ ደግ ሰው፣ ጥፋቱን አመነ' ብለው መሐረብ ያወጡልዎታል። ለእኔ የሚያወጡት ገመድ ነው።

ኤቫሪስቶ፦ አልፈቅድም።

ኒካኖር፦ በየትኛው ሥልጣንዎ? ለቀው የለ!

ኤቫሪስቶ፦ ዶን ሴቬሪኖ አለልህ። ምክር ቤቱ እኔን እንዲተካ የመረጠው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዳኛ የነበረ ነው፣ ልቡ ርኅሩኅ ነው። ዛሬ ከቆላ ይገባል። እለምነዋለሁ፣ ካስፈለገ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።

ኒካኖር፦ ካሲልዳን ክርስትና ያነሳኋት በእነዚህ እጆቼ ነው አበልጄ።

ኤቫሪስቶ፦ አውቃለሁ።

ኒካኖር፦ ውሃው ሲነካት አላለቀሰችም። ጢሜን ጨምድዳ ይዛ አልለቅም አለች፤ ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። ፈረስ መጋለብ ያስተማርኳት እኔ። ወድቃ እጇ የተሰበረ ለት አዝዬያት ወጌሻ ቤት ድረስ የሮጥኩት እኔ። የእሷ አባት ባይሆኑ ይህን ያህል አልለምንም ነበር። ካሲልዳ ትሙት፣ ስሜን አይጥሩ።

ኤቫሪስቶ፦ በልጄ አትማልብኝ! ደግሞ አታልቅስ። አንተ ስታለቅስ አልችልም እኔ፤ ይኸው እኔንም አስጀመርከኝ። እዚህ ጓሮ ሁለት ጎረምሶች ይመስል ተደብቀን... ስማ፣ ከሞተው ወንድሜ አስበልጬ ነው የምወድህ። አንድ ቀን ነግሬህ አላውቅም፤ ዛሬ ስማው። አንተ ባትደርስልኝ በጦርነቱ ጊዜ ገደል ውስጥ ቀርቼ ነበር።

ኒካኖር፦ እንግዲያስ?

ኤቫሪስቶ፦ እንግዲያስማ እነዚያ ሴቶች ፊት ቆሜ 'አላውቅም' ማለት አልችልም። ሞክሬዋለሁ እኮ! መስተዋት ፊት ቆሜ እንዳንተው 'ማን አዘዘ' ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አፌ እምቢ አለኝ።

ኒካኖር፦ ልጠይቅዎት። ከዚህ በኋላ አልጠይቅም። ስሜን ይጠራሉ?

ኤቫሪስቶ፦ እጠራለሁ።

ኒካኖር፦ ጥሩ።

ኤቫሪስቶ፦ ጥሩ?

ኒካኖር፦ ጥሩ። ተነጋገርን፣ አለቀ። እንዳሉት ይሁን።

ኤቫሪስቶ፦ አየህ! አየህ አይደል! አውቅ ነበር እኮ። ልጄን ታቅፎ የሳቀ ሰው ልቡ ድንጋይ አይሆንም ብዬ ነበር። ና ሳመኝ! እንዴት እንደቀለለኝ ብታውቅ። አብረን እንወጣለን፣ አብረን እንቀመጣለን፣ ሁሉም ሲያልፍ ወፍጮዬ ትመጣና የበቆሎ ጠላ እየጠጣን ይህን ቀን እናወራዋለን። የቆምክበትን በር ግን ልቀቅልኛ።

ኒካኖር፦ መጀመሪያ መቀነቱን ልፍታልዎት።

ኤቫሪስቶ፦ ፍታልኝ። ሕጉም ይኸው ነው፤ ተተኪው ገብቶ እስኪምል ድረስ መቀነቱ በጦር አዛዡ እጅ ይቆይ ይላል። ይህን ስጽፍ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? ብዕሬ 'የጦር አዛዥ' ብሎ ጻፈ እንጂ እኔ የታየኝ የአንተ ፊት ነው። ሌላ ሰው አልመጣልኝም።

ኒካኖር፦ ሽማግሌዎቹ ምክር ቤት ውስጥ ተቃውመውት ነበር።

ኤቫሪስቶ፦ እንዴት ያለ ተቃውሞ! 'አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪወጣ ድረስ አገሩ የማን ነው?' አሉኝ። 'የአበልጄ ነው!' አልኳቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ታስታውሳለህ?

ኒካኖር፦ አስታውሳለሁ። እጅዎን ከፍ ያድርጉ። ይዙሩ። ወጣ።

ኤቫሪስቶ፦ እፎይ! ሆዴ ተነፈሰ። ይህን ያህል ጊዜ አስሮ ይዞኝ ኖሯል ለካ። ምነው፣ አንተ ለምን ታጠቅኸው?

ኒካኖር፦ እንዳይቆሽሽ።

ኤቫሪስቶ፦ ሃ! እንዳይቆሽሽ! ደግሞ አምሮብሃል። በል ፍታውና በእጅህ ያዘው፣ ዶን ሴቬሪኖ እንዲህ ሆነህ ቢያይህ ይደነግጣል። እስካሁን መግባት ነበረበት። የት ደረሰ?

ኒካኖር፦ ወንዝ ሞልቶበት ነው።

ኤቫሪስቶ፦ በዚህ በጋ? ወንዙን ፍየል እንኳ እየተሻገረችው ነው።

ኒካኖር፦ እንግዲያስ በቅሎው ታሞበት ይሆናል።

ኤቫሪስቶ፦ ኒካኖር።

ኒካኖር፦ አቤት።

ኤቫሪስቶ፦ እንዲያመጡት የላክሃቸው አጃቢዎች ተመልሰዋል?

ኒካኖር፦ ተመልሰዋል።

ኤቫሪስቶ፦ ያለ እሱ?

ኒካኖር፦ ያለ እሱ።

ኤቫሪስቶ፦ መቀነቱን መልስልኝ። አሁኑኑ መልስልኝ! እስከ ቀትር ድረስ ርእሰ ብሔሩ እኔ ነኝ! ዘበኛ! ማነው እዚያ... ኧረ ይህ ምንድነው?

ኒካኖር፦ የቀትር መድፍ ነው። አትደንግጥ።

ኤቫሪስቶ፦ ምን ቀትር! ፀሐይዋን ተመልከት እንጂ፣ ጥላው ገና ከግድግዳው አልወረደም! ቀትር ገና ነው!

ኒካኖር፦ ይህ ከተማ ደወል የለውም። የቤተ ክርስቲያኑን ደወሎች አስወርደህ ለመድፍ ያቀለጥካቸው አንተ ነህ። ከዚያ ወዲህ ቀትር ማለት የእኔ መድፍ የጮኸ ጊዜ ነው።

ኤቫሪስቶ፦ 'አንተ' አልከኝ?

ኒካኖር፦ ምን ልበልህ ታዲያ? ክቡርነትዎ የሚባለው የታጠቀው ነው። የፈታው ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይታጠቅም፤ ሕግህ ላይ አለ። ጥሩ ሕግ ነው፣ በከንቱ ስነቅፈው ኖርኩ።

ኤቫሪስቶ፦ ሴቬሪኖን ገደልከው።

ኒካኖር፦ ነገርኩህ እኮ፣ ወንዝ ሞልቶበት ነው።

ኤቫሪስቶ፦ ከበሩ ዞር በል። ሕዝቡ ደጅ ነው፣ ለሕዝቡ እናገራለሁ።

ኒካኖር፦ ይኸው ዞር አልኩ። ማን ያዘህ? አትውጣ እያልኩ ስለምንህ የቆየሁት እኔ፣ እወጣለሁ ያልከው አንተ። ግን አዳምጥ እስቲ፤ ጫጫታ ይሰማሃል?

ኤቫሪስቶ፦ አምላኬ ሆይ! ምን አደረግሃቸው?

ኒካኖር፦ ምንም። 'ክሱ ለነገ ተላልፏል' ተብሎ ተነገራቸው፤ ባለ ግብሩም ባለ በቅሎውም ወደ ቤቱ ገባ። ዘበኞቹንም ሕግህ እንዳዘዘ ከአደባባዩ አስነስቻቸዋለሁ።

ኤቫሪስቶ፦ እናቶቹስ?

ኒካኖር፦ እነሱ አንነሳም አሉ። እዚያው ናቸው፣ ሁሉም።

ኤቫሪስቶ፦ እንግዲያው እነሱ ይበቁኛል! ድሮም ከእነሱ ሌላ አያስፈልገኝም ነበር። ፊታቸው ቆሜ ድምፄ እስኪዘጋ ስምህን እጠራለሁ፣ ሰምተሃል? ስምህን!

ኒካኖር፦ ጥራው። እኔንም ጠዋት ወደ አንተ ስመጣ ደረጃው ላይ አስቁመው 'ማን ነው ያዘዘው' ብለውኝ ነበር፤ ያንተን ስም ነግሬያቸው ነው የገባሁት።